መጣሁ እያለ የሚሄደው አብራሪ

ሰውየው ከተቀመጠበት ሲነሳ ሁልጊዜ የሚላት አንዲት ቃል አለችው፤ "መጣሁ" ይላል። ይላትና ይሄዳል። ምሳ ቀርቦ ገና ሁለቴ ሳይጎርስ የኩሽናው በር ማጠፊያ ሲንጫጫ ይሰማውና "መጣሁ" ብሎ ዘይት ፍለጋ ይነሳል። ዘይቱን ሲፈልግ መሳቢያው አልዘጋ ማለቱን ያያል፤ መሳቢያውን ሊያቃና ካቻቢቴ ፍለጋ ይወጣል። ሲመለስ ምግቡ ቀዝቅዟል፣ ሚስቱ የራሷን ሳህን አንስታለች፣ በሩም እንደ ጥንቱ ይንጫጫል። መቀመጫው ላይ እሾህ የበቀለበት ይመስል፣ አንድ ቦታ ረግቶ የተቀመጠበትን ቀን የሚያስታውስ ሰው የለም። የሠርጋቸው ዕለት ፎቶ አንሺው "አትነቃነቁ" ሲል ሙሽራው የዘመመ የአዳራሽ መብራት አይቶ ሊነሳ ነበር። ፎቶው ዛሬም ሳሎን ተሰቅሏል። ሙሽራዋ ጥርት ብላ ትታያለች፤ ከጎኗ ያለው ሰው ግን ፊት የለውም፤ ወደ ግራ የተሳበ ሙሉ ልብስ ብቻ ነው። ሚስቱ እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደ ፎቶው እያመለከተች "ያገባሁት ይሄን ልብስ ነው" ትላለች።

ሥራው አሳንሰር መጠገን ነው፤ ለእንዲህ ያለ ሰው የተፈጠረ ሥራ ነው ማለት ይቻላል። ጠዋት አንዱ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ነው፣ ረፋዱ ላይ ሌላው ሕንፃ ጉድጓድ ውስጥ ወርዶ ግሪስ ሲያጸዳ ይገኛል። በወጣትነቱ ያሠለጠነው ሽማግሌ ከሁሉ በፊት ያስተማረው አንድ ሕግ ነበር፦ በር ሳይዘጋ ንቅንቅ የለም። በየፎቁ በር ላይ አንዲት ትንሽ መገናኛ አለች። በሩ ሲዘጋ ቀጭ ትላለች፣ ሁለት ብረቶቿ ይነካካሉ፣ ኤሌክትሪኩ ያልፋል። ሽቦው ከበር ወደ በር እየዞረ ሁሉንም ያዳርሳል፤ ከበሮቹ አንዱ ገርበብ ካለ መስመሩ ይቋረጥና አሳንሰሩ ባለበት ቀጥ ይላል። በእነሱ ሥራ መቆም ማለት መዳን ነው። ይህን ሽቦ በዕድሜው ስንት ጊዜ እንደዘረጋ እሱም አያውቀው። ሰው የጫማውን ማሰሪያ ሲቋጥር እንደማያስበው ሁሉ ጣቶቹ ራሳቸው ይሠሩታል።

አውሮፕላን የተሳፈረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ለሥልጠና የላከው ጊዜ። ተሳፋሪው እስኪገባ የአብራሪው ክፍል በር ክፍት ነበርና አንገቱን አስግጎ አየ። የገረመው የመብራቱና የማብሪያው ብዛት አልነበረም። ያንን ሁሉ ነገር እጁ ሥር አድርጎ፣ አንዱንም ሳይነካ፣ ጭኑ ላይ እጆቹን አሳርፎ የተቀመጠው ሰውዬ ነው የገረመው። እንዴት አስቻለው? ይህን ጥያቄ ይዞ ወረደ፤ ከዚያ ወዲህም ከራሱ አልወጣም።

ልጃቸው አግብታ ስትወጣ ክፍሏ ባዶ ቀረ። ሚስቱ መጋረጃና የወንበር ልብስ የምትሰፋ ባለሙያ ናትና ክፍሉን ለጨርቆቿ አስባው ነበር፤ ነገር ግን አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስትመለስ መሬቱ ላይ በጠመኔ የተሳለ የአውሮፕላን አፍንጫ ጠበቃት። "መጣሁ" ብሎ ኮምፔንሳቶ ሊገዛ ወጥቷል።

በኮምፒውተር የሚጫወቱት የበረራ ጌም አለ፤ ሌላው ሰው ጠረጴዛ ላይ በትንሽ ማንሻ ይጫወተዋል። እሱ ግን ጠረጴዛ ላይ የሚሆነው ነገር አልጣመውም። የአብራሪውን ክፍል ራሱን፣ ከወንበሩ እስከ ጣሪያው፣ ሊሠራው ተነሳ። ከተሰባበረ ሚኒባስ ሁለት ወንበር ነቅሎ አመጣ፤ ሚስቱ እያጉረመረመች ጠንካራ ሰማያዊ ጨርቅ ሰፋችላቸው። ከሚታደስ ሕንፃ የተጣሉ የአሳንሰር ቁልፎችን ለቅሞ ፓነሉ ላይ ደረደራቸው፤ ፊታቸው ላይ ያለው የፎቅ ቁጥር ግን አልፋቅ አለ። ስለዚህ ጎማ የሚያወርደው ቁልፍ አራት ቁጥር ሆነ፣ መብራት የሚያበራው ሰባት። ሦስት ስክሪኖች ከፊት ገጠመ፣ መሪውንና የሞተሩን ማንሻ ከቱቦ ብረት ሠራ። ከኋላ ደግሞ ከአሮጌ አሳንሰር የተቆረጠ ጠባብ የብረት በር ተከለበት። ሲዘጋ ቀጭ የሚለው ድምፅ ደስ ይለዋል።

በሥራ ቦታ ወሬው ወጣና "ካፒቴን" ተባለ። ስሙን ያወጣለት ባልደረባው ነው፤ አፉ ለአፍታ ስለማይዘጋ ሰው ሁሉ "ዝምታ" የሚለው ወፍራም ሰው። ዝምታ መጥቶ ፓነሉን ካየ በኋላ ለሳምንት ያህል መሳለቂያ አደረገው። አውሮፕላኑ መሬት ላይ ይቆማል ወይስ ቤዝመንትም ይወርዳል ብሎ ይጠይቀዋል። ሰው በሞላበት አሳንሰር ውስጥ ደግሞ ቀበቶ እሰሩ ብሎ ያውጃል።

ይሁን እንጂ አውሮፕላኑ አንድም ቀን አርፎ አያውቅም። መነሳቱን ይነሳል። ይንደረደራል፣ አፍንጫውን ያቀናል፣ ቤቶቹ ያንሳሉ፣ ደመናው ይመጣል። ከዚያ አየር ላይ እያለ ፓነሉ በሙሉ ድርግም ይላል። ስክሪኑ አይጠፋም፤ ሰማዩም መሬቱም እንዳሉ ናቸው። መሪው ግን የሞተ ብረት ነው፤ ቢያዞሩት ምንም የለም። አፍንጫው ቀስ እያለ ይዘምና መሬቱ እየሰፋ፣ እየሰፋ ይመጣል። ያን ጊዜ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ እንደገና ሲያስነሳው ሁሉም ነገር ምንም እንዳልሆነ ይበራል።

ሰውየው የደረሰበት ሐሳብ ሙቀት ነው የሚል ነበር። ሲሞቅ ይጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይበራል። ስለዚህ ማራገቢያ ገጠመ፤ ሌላ ጨመረ፤ በሦስተኛው ላይ የክፍሉ ድምፅ የእውነት የበረራ ድምፅ መሰለ። ገመዶቹን ለወጠ፣ ኮምፒውተሩን ለወጠ፣ የለወጠውን መልሶ ለወጠ። አየር ላይ እያለ አንድ የላላ ብሎን ዓይኑን ይስበዋል፣ አንድ አምፖል ይርገበገብበታል፤ "መጣሁ" ብሎ ማንንም ሳያናግር ካቻቢቴ ሊያመጣ ይወጣል፤ ሲመለስ ጠፍቶ ይጠብቀዋል። "ይኸው ሞቀ" ይላል።

አንድ ቀን ግን ሳይነሳ ብዙ ቆየ። ከደመናው በላይ ወጥቶ፣ ፀሐይዋ በስክሪኑ ላይ ተዘርግታ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ መንደርደሪያው በሩቁ ታየው። በዚህ መሐል ሚስቱ ከኋላ የብረቱን በር ከፍታ ሻይ ልታቀብለው እጇን ዘረጋች፤ ፓነሉ ድርግም አለ።

እሱ ዘወር ሳይል ነው የተናገረው። "አንቺ ስትመጪ ነው ሁልጊዜ። እግርሽ ነው።"

የተናደደ ሰው የሚለው ነገር ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችል ነበር፣ በሌላ ቤት ቢሆን። በዚህ ቤት ግን ቃሉ አሮጌ ነው። አዲስ ሙሽራ ሆና በገባች ሳምንት ጣሪያው ቢያፈስ "እግሯ ጥሩ አይደለም" ያለችው አማቷ ነበረች፤ ጣሪያው ያፈሰሰው ቆርቆሮው ስለዛገ ነው ብሎ ከእናቱ ጋር የተሟገተላትም እሱ ነበር፤ ወጥቶ የዛገውን ቆርቆሮ ነቅሎ አምጥቶ እስከማሳየት ደርሶ ነበር። ሚስቱ ሻዩን ወለሉ ላይ አስቀመጠች፣ በሩን ዘጋች። ከዚያን ቀን ወዲህ ወደዚያ ክፍል እግሯን አላነሳችም። ሻይ ይመጣል፤ ከክፍሉ ደጅ ወለል ላይ ተቀምጦ ይገኛል። እሱ ነገሩን ረስቶታል፤ ወይም እሷ የረሳችው መስሎታል።

ልጃቸው ስትደውል ነገሩ ሁሉ ተቻኮለ። የመውለጃዋ ጊዜ ተቃርቧል፣ ባሏ ለሥራ ሩቅ ከተማ ተመድቧል፤ ብቻዬን ፈራሁ፣ መጥቼ እናንተ ዘንድ ልረፍ አለች። "አባዬ፣ ክፍሌ አለ አይደል?" ብላ ጠየቀችው። አባቷም "አለ" አላት። ስልኩን እንደያዘ ተነስቶ ክፍሉን አየው፤ የሚታየው የአውሮፕላን አፍንጫ ብቻ ነበር።

ሚስቱ ውሳኔዋን የነገረችው ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ደጅ ላይ ቆሜ አያለሁ አለች። ያ ነገር አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ተነስቶ በደህና ካረፈ ልጅቷ የእኛን መኝታ ቤት ትወስዳለች፣ እኛ ሳሎን እንተኛለን፣ አውሮፕላንህም ባለበት ይኖራል። ካላረፈ እሑድ ብረት ሰብሳቢው ይወስደዋል። እሱም ተስማማ። ምን ይበል? ቢፈርስ ሌላ ነገር እንደሚሠራ ያውቃል፤ እሱ አይደለም ያስጨነቀው። ያስጨነቀው ያ ሰውዬ ነው፣ እጁን ጭኑ ላይ አሳርፎ የተቀመጠው። እንዴት እንደሚቻል ሳያውቅ ሊቀር ነው።

ሳምንቱን እንዴት እንዳሳለፈው አይጠየቅ። ከሥራ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ ወደ ክፍሉ ይገባል። ማራገቢያዎቹን ነቅሎ ቦታ ቀያየረ። ጣሪያውን ቀደደ፣ ሙቀት ይውጣ ብሎ፤ መልሶ ከደነው፣ ብርሃን ገባ ብሎ። አንዱን ብሎን ሲያጠብቅ ሌላው ይላላበታል፤ የላላውን ትቶ ሌላ ይጀምራል። ዝምታ ሊያግዘው ቢመጣ አንድ ቦታ አብሮት መቆም አልቻለም፤ ከኋላ ከኋላው እየተከተለ ሲያወራ ቆይቶ፣ አሳንሰር ተቆልፎበት ከነበረ ሰው ጋር እንኳ ከዚህ የተሻለ ጨዋታ እንዳለ ተናግሮ ሄደ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሚስቱ የስፌት መኪናዋን ሸፍና መጣች። የክፍሉ ደጅ ላይ ቆመች፤ ከደፉ አላለፈችም። ግቢ ቢላት ከዚህ ይታየኛል አለች። በኮምፔንሳቶው ጎን በተተወው ክፍተት በኩል ስክሪኑ በእርግጥ ይታይ ነበር። እሱ ወደ ወንበሩ ገብቶ የብረቱን በር ሳበው። ቀጭ።

ተነሳ። ያለ እንከን። ቤቶቹ አነሱ፣ ወንዙ እንደ ክር ቀጠነ። እሷ እጆቿን አጣምራ ታያለች። እሱ ሰዓቱን ያያል፣ ማራገቢያዎቹን ይሰማል፣ ፓነሉን በመዳፉ ይነካል፣ ሞቀ አልሞቀ እያለ። አልሞቀም። ደመናው መጣ፣ ሄደ። ሰባት ቁጥር ቁልፍ ላይ ያለችው አምፖል መርገብገብ ጀመረች። ላለማየት ሞከረ። ትንሽ ብቻ ነው የላላችው፤ አንዴ ጠምዘዝ ቢያደርጋት ያበቃ ነበር። ፒንሳው ደግሞ መስኮቱ ጋ ነው፤ ሁለት እርምጃ ቢሆን ነው። እግሩ ከእሱ ቀድሞ ተነሳ።

"መጣሁ" አለና በሩን ገፋው።

ፓነሉ ድርግም አለ።

ሰውየው ፒንሳውን ሳይዝ ባለበት ደርቆ ቀረ። ከስክሪኑ ላይ መሬቱ ቀስ ብሎ መምጣት ጀመረ። ሚስቱ ግን ስክሪኑን አላየችም፤ በሩን ነበር የምታየው። ክር ሊበጠስ ሲል ከመኪናው ድምፅ ለይታ የምታውቅ ሴት ናት፤ ጆሮዋ አንድ ነገር ይዟል።

"እኔ አልገባሁም" አለች ቀስ ብላ። "እግሬም ይኸው፣ ከደፉ ወዲህ ነው። አንተ ነህ የወጣኸው።"

"ሙቀት ነው" አለ፤ ድምፁ ግን እንደ ድሮው አልነበረም።

"በሩን ዝጋውና እንደገና አስነሳው። ውስጥ ሆነህ።"

እንዳለችው አደረገ። ፓነሉ በራ። ክፈተው አለችው። ከፈተው፤ ቀጭ አለ፤ ጠፋ። ዝጋው፣ አስነሳው። በራ። ክፈተው። ጠፋ። ሰውየው ተንበርክኮ እጁን ከበሩ ሥር ካለው ኮምፔንሳቶ ጀርባ አስገባ። ጣቶቹ ሳያዩ አገኙት። አንዲት ትንሽ የበር መገናኛ፤ ከእሷም የሚወጣ ሽቦ፤ ሽቦውም ወደ ፓነሉ መብራት መስመር የሚገባ። ቋጠሮው የራሱ ቋጠሮ ነበር፣ ሁለቴ ዞሮ አንዴ የሚጠልቅ፤ ከሽማግሌው አሠልጣኙ የወረሰው። መቼ እንደገጠመው ትዝ አይለውም። መጀመሪያ ሳምንት ላይ መሆን አለበት፤ በሩን ሲተክል፣ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ሆኖ፣ ጣቶቹ ዕድሜ ልካቸውን የሠሩትን ሠርተው በላዩ እንጨት መትተውበታል። በር ሳይዘጋ ንቅንቅ የለም። አሳንሰር ሲቆም ሰው ይተርፋል። አየር ላይ ያለ ነገር ሲቆም ምን እንደሚሆን ግን አሠልጣኙም አልነገረው፣ ጣቶቹም አልጠየቁ።

እጁን ከኮምፔንሳቶው ጀርባ አወጣ።

"እግርሽ አይደለም" አለ በመጨረሻ፣ ወደ ወለሉ እያየ።

"ታዲያ የማን ነው?"

"የእኔ ነው። ስነሳ ነው የሚጠፋው።" አለና ጨመረ። "ያን ቀን ያልኩሽን ነገር ማለት አልነበረብኝም። እናቴን ከልክዬ እኔ አልኩት።"

ሚስቱ ከደፉ አለፈች። መጥታ በላዩ ቆመችና ከኮምፔንሳቶው ጀርባ ያለውን ሽቦ አንገቷን ደፍታ አየችው። እሱ ቀና ሲል እጁ ፒንሳውን ይፈልግ ነበር። አሁኑኑ ቆርጬ ሁለቱን ጫፍ ባገናኘው በቃ፣ በሩ ቢከፈትም ባይከፈትም አይጠፋም እያለ ያስረዳታል። ደስታውና ሐፍረቱ ተደባልቀው ምላሱን አፍጥነውታል።

"አትቁረጠው" አለች።

"ምን?"

"ተወው እንዳለ። እኔ ያልኩት ተነስቶ ይረፍ ነው። በዚህ ሽቦ ይብረር። በዚህ ቤት አንተን የሚያስቀምጥ ነገር የተገኘው ገና ዛሬ ነው።"

የፊተኛው በረራ እንዳልተቆጠረ ነገረችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ገባችና ራሷ በሰፋችው ሰማያዊ ጨርቅ ላይ፣ በቀኝ ወንበር ተቀመጠች። ከሸሚዙ ኪስ ካቻቢቴውን አወጣችና የራሷ ሽርጥ ኪስ ውስጥ ከተተችው። በሩን በእጇ ሳበችው። ቀጭ።

ለሁለተኛ ጊዜ ተነሱ። አሁን ሙቀት የለም፣ ምሥጢር የለም፣ የሚጠገን ነገር የለም፤ የቀረው መቀመጥ ብቻ ነው። እሱን ነው ያቃተው። ተረከዙ ወለሉን ይደበድባል። ሰባት ቁጥር አምፖል ትርገበገባለች፤ ማራገቢያው አንድ ቦታ ላይ ክክክ ይላል፤ ከወንበሩ ሥር አንድ ብሎን የላላ መስሎታል፤ ምናልባትም ላልቶ ይሆናል። ሁሉም ነገር ስሙን እየጠራ ይለምነዋል። ሁለቴ ክንዱን ወንበሩ ላይ ደገፍ አድርጎ ከፍ አለ፤ ሁለቴም በጎኑ ያለችውን ሴት አይቶ ተመልሶ ተቀመጠ። እሷ ወደ ፊት ነበር የምታየው፣ ረጅም ስፌት ስትሰፋ እንደምታይ።

ደመናው ላይ ሲደርሱ ሳሎን ስልኩ ጮኸ። የሰውየው ስልክ ነው። ተነስቶ ነበር ማለት ይቻላል፤ መዳፉ በሩን ነክቷል።

"ዝምታ ነው የሚደውለው" አለች፣ ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት እንደሚደውል ስለምታውቅ። "ይጩህ።"

እጁን መለሰው። የሚያስቀምጥበት ቦታ አጥቶ መሪው ላይ፣ ማንሻው ላይ፣ አገጩ ላይ ሲያዞረው ቆየ። በመጨረሻ ጭኑ ላይ ጣለው። ያ አብራሪ እንዴት እንዳስቻለው ያን ጊዜ ገባው፤ አስችሎት አልነበረም። አብራሪውም ውስጥ ውስጡን እየዘለለ ነበር የተቀመጠው።

መንደርደሪያው ታየ። በመጀመሪያ እንደ ክብሪት እንጨት፣ ከዚያ እንደ መቀነት። አራት ቁጥርን ተጫነ፣ ጎማው ወረደ። አፍንጫው ወደ ቀኝ አዘመመ፣ መለሰው፤ ወደ ግራ አበዛው፣ እንደገና መለሰው። ሚስቱ የወንበሩን ጠርዝ ጨብጣለች። ጎማው መሬት ነካ፤ ነጠረ፤ ነካ፤ ጠርዙን አልፎ ሄደና አንድ እግሩን ሳር ውስጥ አድርጎ ዘምሞ ቆመ።

የማራገቢያዎቹ ድምፅ ብቻ ቀረ።

"ይሄ ማረፍ ነው?" አለች።

"ነው።"

"ሳር ላይ ነን እኮ።"

"ሳርም መሬት ነው።"

ነገሩን ትንሽ አሰበችበት። ከዚያ ሳሎን ውስጥ ፍራሹን የት ጋ ቢያደርጉት እንደሚሻል መናገር ጀመረች፤ የስፌት መኪናዋ ወደ መስኮቱ መጠጋት አለበት፣ ፎቶውም ከራስጌያቸው ላይ ይነሳ አለች፣ ያን ልብስ እያየሁ አልተኛም። ሰውየው እሺ፣ እሺ ይላል። ግንባሩን ላብ ሸፍኖታል፤ ተረከዙ ግን ወለሉን መደብደብ ትቶ ነበር። ለምን ያህል ጊዜ እንደተወ እሱም አላስተዋለም፤ ሲያስተውለው እንደገና ጀመረ።

ስልኩ ዳግመኛ ጮኸ። የአሁኑ የጥሪ ድምፅ ለልጃቸው ብቻ የተሞላው ነው።

"መጣሁ" አለና ተነሳ። በሩን ገፋው፤ ቀጭ አለ፤ ከኋላው ፓነሉ ከአንድ እስከ መጨረሻው ቁጥር ድርግም አለ። ከልማዱ ደንግጦ ግማሽ ገላው ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ ሆኖ ቆመ።

ሚስቱ ከወንበሯ አልተነሳችም። ስክሪኑ ላይ ያለውን ሳር ታያለች።

"ሂድ፣ አንሳው" አለችው ሳትዞር። "አሁን መሬት ላይ ነን።"